ኤፖክሲው ለምን አላዳነውም? እንፋሎት፣ እርጥበትና በባትሪ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና እጀታ

ጥያቄ፦ «በባትሪ የሚሠራ የአጥንት መሰርሰሪያ እየሠራን ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠጥር ሙጫ) አፍስሰናል፣ መጋጠሚያዎቹ በሙሉ ኦ-ሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) አላቸው፣ የአይፒ 67 የአቧራና የውኃ መከላከያ ፈተናንም ያለ ችግር አልፏል። ባትሪውን አውጥተን እጀታውን አውቶክሌቭ (በሙቅ እንፋሎት ማምከኛ) ስናደርገው ግን ሠላሳ ዙር አካባቢ ላይ ችግር ጀመረ። አንዳንዱ ሳይነካ በራሱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። ከፍተን ስናየው ውስጡ ውኃ የለም። ሁለት ቀን ሲቆይ መልሶ ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና ይበላሻል። በላዩ ላይ ሲሊኮን ብንጨምርበት ይበቃል? ካልበቃስ ውኃ ጭራሽ የማያሳልፈው ኮቲንግ (የቦርድ ሽፋን) የትኛው ነው?»

መልስ፦

ሲሊኮኑን ይተዉት። የውኃ ተንን በማሳለፍ ሲሊኮንን የሚስተካከል ጎማ ጥቂት ነው። ፈሳሽ ውኃ ሲያርፍበት ተንከባሎ ስለሚወርድ ሰው ይታለላል። ተኑ ግን በውስጡ እንደ ልቡ ያልፋል። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፦ ውኃ ጭራሽ የማያሳልፍ ኮቲንግ የለም። ኤፖክሲም፣ ዩሬታንም፣ አክሪሊክም፣ ውዱ ፓሪሊንም ያሳልፋሉ። የሚለያዩት በፍጥነት ብቻ ነው። ፊኛን የቱንም ያህል አጥብቀው ቢቋጥሩት ውሎ አድሮ ይሟሽሻል፤ አየሩ በራሱ በጎማው ግድግዳ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ፖሊመር የሚባል ነገር ሁሉ ጠባዩ ይኸው ነው። ተንን ለዓመታት ማገድ የሚችሉት ብረት፣ ብርጭቆና ሴራሚክ ናቸው። ከእነሱ ውጭ የሚቀቡት ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው። ጊዜ መግዛት ነውር የለውም፤ ስንት ዙር እንደገዙ ግን ማወቅ አለብዎት።

አይፒ 67 ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ፈተናው የሚያየው አቧራ አለመግባቱንና ዕቃው በአንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ሲቀመጥ ጉዳት የሚያደርስ ውኃ አለመግባቱን ነው። የአንድ ሜትር ውኃ ግፊት 0.1 ባር ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውኃው የሞቀም አይደለም። ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ በጣም ጠባብ ክፍተት ላይ ሲደርስ በራሱ የገጽ ውጥረት ተይዞ ይቆማል። ተን ይህ ልጓም የለበትም። የአንድ ውኃ ሞለኪውል ስፋት ከናኖሜትር ሲሦ ያንሳል፤ ለእሱ የእርስዎ ኦ-ሪንግ መንገድ እንጂ ግንብ አይደለም። መሣሪያዎ ፈተናውን ማለፉ እውነት ነው። የተፈተነው ግን አውቶክሌቭ አይደለም።

አውቶክሌቭ ውስጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንየው፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚያ ነው ያለው። ቅድመ ቫኪዩም ያለው ማሽን መጀመሪያ አየሩን መጥጦ ያወጣል፣ እንፋሎት ይለቃል፣ እንደገና ይመጥጣል። ይህን ደጋግሞ ያደርጋል። ከዚያ 134 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ፍጹም ግፊቱ (የከባቢ አየሩን ጨምሮ) በግርድፉ 3 ባር ይሆናል። ጌጁ ላይ የሚያነቡት 2 አካባቢ ነው፤ አይምታታብዎት። በዚህ ሙቀት ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆያል። ለፕሪዮን (በተራ ማምከን በቀላሉ የማይጠፋ በሽታ አምጪ ፕሮቲን) ሥጋት በሚመረጠው ዙር ደግሞ 18 ደቂቃ። በመጨረሻ ለማድረቅ እንደገና ቫኪዩም ይመጣል።

አሁን የእጀታዎን ሆድ ያስቡ። በክፍል ሙቀት ሲዘጋ 1 ባር አየር ይዞ ነው። ውጭው ቫኪዩም ሲሆን ያ አየር ኦ-ሪንጉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እንፋሎቱ ሲመጣ የታፈነው አየር ሞቆ ቢደርስ ቢደርስ 1.4 ባር ነው፤ ውጭው 3። ስለዚህ 1.6 ባር የሚሆን ግፊት ወደ ውስጥ ይጫናል። ኦ-ሪንጉ በአንድ ዙር ብቻ ከቦዩ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ስንት ጊዜ ተመላልሷል? በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። የማሸጊያው ጎማ በትንሹ ባፈሰ ቁጥር ቫኪዩሙ አየሩን ይስባል፤ በባዶው ቦታ እንፋሎት ይገባል። የመግቢያው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የማድረቂያው ጊዜ የገባውን መልሶ ለማውጣት አይበቃውም። ለዚህ ነው ትንሽ የሚያፈስ እጀታ በሰፊው ክፍት ከሆነው ይልቅ እርጥብ ሆኖ የሚወጣው።

መጠኑንም እናስላ። በ134 ዲግሪ የሞላ እንፋሎት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.6 ሚሊግራም ያህል ውኃ አለው። የ20 ዲግሪ አየር ግን ቢበዛ 0.017 ሚሊግራም ነው የሚሸከመው። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እጀታዎ ውስጥ 10 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ አለ እንበል። በእንፋሎት ከተሞላ 16 ሚሊግራም ገባ ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ተን ሆኖ የሚቀረው 0.2 እንኳ አይሞላም። የተረፈው ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ የሚያርፈውም ቀድሞ የቀዘቀዘው ቦታ ላይ ነው። 16 ሚሊግራም አንድ ሙሉ ጠብታ እንኳ አይሆንም። ቦርድ ላይ ተዘርግቶ በዓይን አይታይም። ለጥፋት ግን ይበቃል። «ከፍተን ስናየው ውኃ የለም» ያሉት ለዚህ ነው። እየፈቱት ሳለ የሚተን ነገር ነው የሚፈልጉት።

ከጤዛው ሌላ በኤፖክሲው ውስጥም ውኃ አለ። ኤፖክሲ እንደ ዓይነቱ ከክብደቱ ከመቶ አንድም ሁለትም፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ውኃ ይጠጣል። 10 ግራም ካፈሰሱና ከመቶ አንድ ብቻ ቢጠጣ 100 ሚሊግራም ውኃ ቦርዱ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ሁለት ቀን ሲቀመጥ የሚያገግመው ይህ ውኃ በዝግታ ስለሚወጣ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ኤፖክሲ ሲሞቅ ከመዳብ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። በየዙሩ ከክፍል ሙቀት ወደ 134 ዲግሪ ሲመላለስ ከክፍሎቹ እግር፣ ከሽቦው ሽፋንና ከቦርዱ ገጽ እየተላቀቀ ይሄዳል። የሚፈጠረው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል፤ ውኃ ስቦ ለመያዝ ግን የተመቸ ነው። ከላይ ሲታይ ድንጋይ የመሰለ ኤፖክሲ ከሥሩ እርጥበት ያዘለ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሽቦዎቹን አይተዋቸዋል? ብዙ ሰው አያያቸውም። ከሞተሩ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ሽቦ በቀጫጭን ክሮች የተገመደ ከሆነ፣ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ቱቦ ነው። ሞተሩ በኩል ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ስለሚሽከረከር ማሸጊያው ማፍሰሱ አይቀርም። እዚያ የገባው እርጥበት በሽቦው ሽፋን ውስጥ ተጉዞ ኤፖክሲው መሐል፣ ልክ ብየዳው ሥር ይደርሳል። ኤፖክሲውን ስንት ጊዜ ቢደርቡ ይህን መንገድ አይዘጋውም። ከተበላሹት አንዱን ይውሰዱና ሽቦው ኤፖክሲው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ በታች ይቁረጡት። የመዳቡ ክሮች ጠቁረው ወይም አረንጓዴ ሆነው ካገኟቸው መንገዱ ተገኘ።

ለምን በራሱ ይነሳል ለሚለው፣ ጥፋተኛው ውኃ ብቻውን አይደለም። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ጨው ሲጨመርበት ነው ጣጣው። ጨዉ ደግሞ ከእርስዎው ፋብሪካ ይመጣል፦ ከብየዳ የተረፈ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባው ኬሚካል)፣ የጣት ላብ፣ የማጠቢያ ዝቃጭ። የማስነሻ ቁልፉ ምልክት የሚያልፍበት መስመር ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው፣ በጥቂት ማይክሮአምፔር የሚንቀሳቀስ መስመር ነው። እርጥብ ፍላክስ በላዩ ላይ ድልድይ ሲሠራ ቦርዱ «ተጭኗል» ብሎ ያነባል። ሲደርቅ ድልድዩ ይጠፋል፤ መሣሪያውም ዳነ ይባላል።

አልዳነም። ባትሪው ተሰክቶ ቮልቴጅ ባለበት ሰዓት ቦርዱ እርጥብ ከሆነ ከአዎንታዊው በኩል ብረት እየሟሟ ወደ አሉታዊው ይሄዳል፤ እዚያ ቅርንጫፍ እያወጣ እንደ ቀጭን የብረት ክር ያድጋል። መዳብም፣ ቆርቆሮም፣ ብርም ይህን ያደርጋሉ። ክሩ ሲደርስ ሾርት ይሆናል፣ ይቃጠላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ያድጋል። የሚያስቸግርዎት «መጣ ሄደ» የሚለው ብልሽት በአብዛኛው የዚህ ሥራ ነው። በኋላ በማጉያ ሲያዩት የሚቀርልዎት የተቃጠለ ነጥብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በራሱ የሚነሳ የአጥንት መሰርሰሪያ የጥራት ጉድለት ብቻ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ጫፉን ነርቭ አጠገብ ይዞ ሳለ ነው የሚነሳው። ይህ ምልክት ያሳዩትን፣ ደርቀው «የተስተካከሉትን» ጨምሮ፣ ከአገልግሎት ያውጧቸው። በምድጃ አድርቆ መመለስም አይሆንም። ንድፉንም ያስተካክሉ። የሕክምና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የደኅንነት ደረጃ የሆነው አይኢሲ 60601-1 የሚጠይቀው አንድ ነገር ቢበላሽ እንኳ መሣሪያው አደጋ እንዳይሆን ነው። አንድ የእርጥብ መስመር ሞተር ማስነሳት ከቻለ ይህ አልተሟላም። የማስነሻው ምልክት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይምጣ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ካልተስማሙ ሞተሩ አይነሳ። ሁለቱን መንገዶች አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጧቸው ግን አንድ ጤዛ ሁለቱንም ስለሚያታልል ልፋቱ ከንቱ ነው። አንዱ ሲጫን ከፍ፣ ሌላው ሲጫን ዝቅ እንዲል ያድርጉት።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው በምን ልሸፍነው ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ኤሌክትሮኒክሱ አውቶክሌቭ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል የሚለው ነው። እርስዎ ባትሪውን አስቀድመው እያወጡ ነው፤ ተራ የሊቲየም አዮን ባትሪ 134 ዲግሪን አይችልም። እንግዲያው ቦርዱንም ከባትሪው ጋር አብረው ያውጡት። ምክሬ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል። ባትሪውና መቆጣጠሪያው አንድ ሞጁል ይሁኑ። ሞጁሉ አይመከንም። እጀታው፣ ሞተሩና ክዳኑ ይመከናሉ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ስክራብ ነርሷ (በመከነው ቦታ ውስጥ የምትሠራው ነርስ) በመከነው እጀታ አፍ ላይ የመከነ መከለያ ታደርጋለች፤ ከመከነው ቦታ ውጭ ያለ ሰው ሞጁሉን በመከለያው በኩል ይከታል፤ መከለያው ይነሳል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ባትሪን በዚህ መንገድ መክተት የተለመደ ነው፣ ብዙ መሣሪያዎች ይሠሩበታል።

ዘዴው የራሱ ገደብ አለው። ክዳኑ ካፈሰሰ ያልመከነ ነገር ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል፤ ስለዚህ የክዳኑ ማሸጊያ ከቦርድ መሸፈኛነት ወደ ኢንፌክሽን መከላከያነት ይለወጣል፣ ቁጥጥሩም እንደዚያው ይጠብቃል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሞጁሉም መጽዳት አለበት፤ አውቶክሌቭ ስለማይገባ ይረሳል። የማስነሻ ቁልፉም እጀታው ላይ ነው፤ ምልክቱ እንዴት ወደ ሞጁሉ ይሻገር? እዚህ ማግኔት ያግዛል። ቁልፉ ላይ ትንሽ ማግኔት ያስቀምጡ፣ ሴንሰሩ ሞጁሉ ውስጥ ይሁን። መካከላቸው ያለው ግድግዳ ቲታኒየም ወይም ማግኔት የማይስበው የማይዝግ ብረት ከሆነ መስኩ ያልፋል። ቀዳዳ የለም፣ ሽቦም የለም።

ሞተሩ ላይ ያሉት፣ አቀማመጡን በማግኔት የሚያነቡት የሆል ሴንሰሮችስ? ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው። ሞተሩ ራሱ በሚያመነጨው ቮልቴጅ አቀማመጡን ማወቅ ስለሚቻል ሴንሰር አልባ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ሞተሩ ካልዞረ የሚነበብ ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ ከቆመበት በከባድ ጭነት መነሳት ላለበት፣ በጣም በዝግታ መዞር ለሚገባው መሣሪያ አይመችም። ለፈጣን መጋዝና መሰርሰሪያ ይሆናል። ብሎን ለማጥበቅ የሚሠራ ከሆነ ግን ሴንሰሩን አያውጡት።

ሴንሰር የግድ ከሆነ ወይም ከቦርዱ አንዱ ክፍል እጀታው ውስጥ መቅረት ካለበት፣ ያንን ክፍል ብቻ በእውነተኛ ሄርሜቲክ (ተን በማያሳልፍ) ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። ማለትም ትንሽ የብረት ሳጥን፣ በሌዘር የተበየደ ክዳን፣ ሽቦዎቹ የሚወጡት ከብረቱ ጋር በቀለጠ ብርጭቆ በታሸጉ ፒኖች። ሙሉውን እጀታ እንዲህ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ገንዘብ ይጨርሳል፣ አይሳካምም። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ በቫኪዩም ምድጃ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ እርጥበቱን ራስዎ አሸጉበት ማለት ነው። በወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ የተለመደው ጣሪያ ከሚሊዮን 5000 ክፍል የውኃ ተን ነው። ቁጥሩ ምክንያት አለው፦ በዚያ መጠን ጤዛ የሚፈጠረው ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሆነ ውኃው በረዶ እንጂ ፈሳሽ አይሆንም፤ ፈሳሽ ከሌለ ዝገቱ አይሄድም። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ማጣበቂያ አያስገቡ፤ ማጣበቂያው የያዘውን እርጥበት በኋላ ይለቃል። እያንዳንዱ ሳጥን እንዳያፈስ በሂሊየም ጋዝ ይፈተሽ። ገደቡን ልንገርዎት፦ ተከፍቶ አይጠገንም፣ ፒኖቹ በጎን ከተጣመሙ ብርጭቆው ይሰነጠቃል፣ የሬዲዮ ምልክትም በብረቱ አያልፍም።

ኮቲንግ ፋይዳ የለውም እያልኩ አይደለም። ፓሪሊን ከሚታወቁት ውስጥ ምርጫዬ ነው። በቫኪዩም ውስጥ ከተን መልክ ተነስቶ ስለሚያርፍ ብሩሽ የማይደርስበት ክፍል ሥር ይገባል፤ ከ10 እስከ 25 ማይክሮሜትር ብቻ ሆኖ ቀዳዳ አይኖረውም። ነገር ግን ያለ ሲሌን ቅድመ ቅብ በደንብ አይጣበቅም፣ ኮኔክተሮች አስቀድመው መከለል አለባቸው፣ አንዴ ከተቀባ ጥገና ራስ ምታት ነው። ሥራውም ተንን ማገድ አይደለም። ሥራው በኮንዳክተሮች መካከል ተያያዥ የውኃ ንጣፍ እንዳይዘረጋ ማድረግ ነው። ያንን የሚያደርገው በንጹሕ ገጽ ላይ ከተጣበቀ ብቻ ነው። ከሥሩ የፍላክስ ቅሪት ካለ ተኑ በኮቲንጉ አልፎ ገብቶ ጨዉ ላይ ይሰበሰባል፣ ኮቲንጉን ያነፋዋል፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይፈጥራል። «ማጠብ አያስፈልገውም» ተብሎ የሚሸጠውን ፍላክስ ስሙን አይመኑት። ለአውቶክሌቭ የሚሄድ ቦርድ ይታጠባል፣ የአዮን ቆሻሻው ይለካል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የማድረግ አቅም ካለዎት ከኮቲንጉ ይልቅ እጥበቱን ይምረጡ።

ኦ-ሪንጎቹ ከምን እንደተሠሩ አልጻፉልኝም። ለእንፋሎት የሚስማማው በፐርኦክሳይድ የበሰለ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው። ሲሊኮን በተደጋጋሚ እንፋሎት ይላላል፤ ተራው ቫይተን የሚባለው ጎማም በእንፋሎት አይመሰገንም፣ ምንም እንኳ በዘይት ጥሩ ቢሆን። ኢፒዲኤም ጠላቱ የማዕድን ዘይት ነው። የመገጣጠሚያው ሠራተኛ ኩሽኔታ ላይ የሚቀባውን ግራሶ በዚያው ጣቱ ኦ-ሪንጉ ላይ ካሳረፈ ጎማው አብጦ ቅርጹን ያጣል። ለኦ-ሪንጉ የሲሊኮን ግራሶ ይስጡት። ዕድሜውንም በዙር ቆጥረው ይቀይሩ፤ ቢቆይ ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፣ አይመለስም።

ሞተሩ ብቻውን ሲቀርም ሥራ አለበት። የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል ሽፋን ፖሊይሚድ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ በሙቅ እንፋሎት ቀስ በቀስ ይሰባበራል። የኒዮዲሚየም ማግኔት ሽፋኑ ከተጫረ ይዝጋል፤ ሳማሪየም ኮባልት ለዚህ ሥራ ይሻላል፣ ተሰባሪነቱን ካወቁበት። ዋናው ነገር ሞተሩ ግማሽ የታሸገ አለመሆኑ ነው። ወይ ጥቅልሉ በደንብ ተሸፍኖ እንፋሎት እንደ ልብ ይግባበት፣ እንደ ልብም ይውጣ፤ ወይ ይታሸግ። ግማሽ መታሸግ ለኤሌክትሮኒክሱም ለሕመምተኛውም መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም እንፋሎት በበቂ ያልደረሰበት ጓዳ የያዘው ውኃ በሥራ ሰዓት ሞቆ ሊወጣ ይችላል።

እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ውስጡ ብናስቀምጥስ ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ሲሊካ ጄል አይሆንም፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋል፣ አውቶክሌቭ ማለት ለእሱ ማድረቂያ ምድጃ ነው። ሞለኪዩላር ሲቭ (ውኃን አጥብቆ የሚይዝ ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ማዕድን) ይሻላል። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይይዛል። ግን በየዙሩ አምስት ሚሊግራም ከገባ አንድ ግራሙ በአርባ ዙር ይሞላል። ለሄርሜቲክ ሳጥን ረዳት ነው፤ ለሚያፈስ እጀታ ማስታገሻ።

ዝቅተኛ ሙቀት ያለው ማምከኛም ይነሳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ ለቦርድ ደግ ይመስላል። ቫኪዩሙ ግን ጥልቅ ነው፣ ኬሚካሉም አንዳንድ ጎማና ማጣበቂያ ያበላሻል። እጀታው ትንሽ እርጥበት ይዞ ከገባ ማሽኑ ዙሩን ያቋርጣል፤ የእርስዎ እጀታ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ሌላው ማምከኛ ጋዝ ኤትሊን ኦክሳይድ መርዛማ ነው፣ ተረፈ ጋዙ እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ይጠብቃል። ማንኛውም ለውጥ በአይኤስኦ 17664 መሠረት በሚሰጡት የአጸዳድና የማምከን መመሪያ ውስጥ ተፈትኖ መጻፍ አለበት። በተግባር ደግሞ ተጠቃሚው እጁ ላይ ያለው እንፋሎት ነው። ለእንፋሎት ይንደፉ።

በመመሪያው ላይ ግን ሦስት ነገሮች በደማቅ ይጻፉ። እጀታው ውኃ ውስጥ አይነከር። አልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ አይግባ። ከአውቶክሌቭ እንደወጣ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስበት። የመጨረሻውን የሚጥሰው ሰው ብዙ ነው፣ ቀዶ ጥገናው ሲቸኩል። በ134 ዲግሪ የታሸገ አየር ወደ 20 ሲወርድ ግፊቱ ከመቶ 28 ያህል ይቀንሳል። እጀታው ውኃ ሥር ሆኖ ከቀዘቀዘ ውኃውን በገዛ ራሱ ይስባል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ 85 ዲግሪና ከመቶ 85 እርጥበት የሚባለው የታወቀው የኤሌክትሮኒክስ ፈተና ለእርስዎ አይበቃም፤ ቫኪዩምና የግፊት ምልልስ የለውም። በእውነተኛው አውቶክሌቭ፣ በዙሮቹ መካከል እውነተኛው እጥበት እየተደረገ ይፈትኑ። ቃል ከሚገቡት የዙር ቁጥር አልፈው ይሂዱ። የኢንሱሌሽን ሬዚስታንሱን እጀታው እንደወጣ፣ ገና ለብ እያለ ይለኩ። በማግስቱ ጠዋት ደርቆ ሲለኩት ጤነኛ ነው፣ ምንም አያሳይዎትም።

ይህ ሁሉ ንድፍ ከመቀየሩ በፊት አሁን ያሉትን እጀታዎች ሚሊግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኗቸው። ውጫቸውን በደንብ ያድርቁ፣ ክፍል ሙቀት ላይ እስኪደርሱ ይጠብቁ፣ ይመዝኑ፣ በየአምስት ዙሩ ይድገሙ። ክብደቱ ቀስ ብሎ ጨምሮ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ኤፖክሲው ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው፤ ችግርዎ ከሥሩ ያለው ፍላክስና የተላቀቀው ገጽ ነው። ደህና ቆይቶ በአንዱ ዙር ድንገት ከዘለለ ማሸጊያ አፍስሷል፣ ያንን ኦ-ሪንግ ይፈልጉት። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሳያቋርጥ ከወጣ የዘንጉን ማሸጊያና የተገመዱትን ሽቦዎች ይጠርጥሩ። ሽቦዎቹን ለጊዜው ባለ አንድ ወፍራም ክር ሽቦ ቀይረው አምስት እጀታ ቢሞክሩ፣ የቱ ጋ እንዳለ ያውቁታል።